ትክክለኛውን አድራሻ «ልክ ያልሆነ» የሚለው ፕሮግራሜ፦ መልእክቱን እንዴት ልጻፈው?

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ የሱቅ ፕሮግራም ሠሪ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ሆኜ ለእህል መጋዘኖችና ለሱቆች የክምችትና የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም እሠራለሁ። የተጻፈው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። አንድ ዋና ኮምፒውተር መዝገቡን ይይዛል፤ የሽያጭ ጠረጴዛ ላይ ያሉት በውስጥ ኔትወርክ ከእርሱ ጋር ይገናኛሉ። ፕሮግራሙ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት «የዋናውን ኮምፒውተር አድራሻ ያስገቡ» የሚል ሣጥን ይመጣል። ጣጣው የመጣው ከዚህ ሣጥን ነው።

ባለፈው ዓርብ ከኮምቦልቻ አንድ የእህል ነጋዴ ደወሉልኝ። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፤ ሰው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። ኩንታል ሲቆጥሩ ስተው የማያውቁ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። አዲስ ኮምፒውተር ገዝተው ራሳቸው ሊያገናኙት ሞከሩ። ዋናው ኮምፒውተር ላይ የኔትወርኩን መረጃ ከፈቱ፣ ያገኙትን አድራሻ ደብተራቸው ላይ ገለበጡ፣ አዲሱ ላይ አስገቡ። ፕሮግራሜ በቀይ ቀለም «ስህተት፦ ልክ ያልሆነ አድራሻ» አላቸው። ደግመው ጻፉ፤ ያው። ስልክ ደውለው «ኤፍ፣ ኢ፣ 80፣ ሁለት ነጥብ፣ አሁንም ሁለት ነጥብ…» እያሉ ያነቡልኝ ጀመር። እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ። እስኪጨርሱ ሳልጠብቅ «ሐጂ፣ አንድ ፊደል አምልጦዎት ይሆናል፤ እንደገና ይዩት» አልኳቸው። ይህን በማለቴ እስካሁን ይቆጨኛል። በአራተኛው ጥሪ «ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ፤ ለልጆቹ ልተወው» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወረድኩ። ከደሴ ስነሣ ጦሳ ጉም ለብሶ ነበር፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህሉን ቁልቁለት ጨርሼ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቤን አወለቅኩ። ደብተሩን አየሁት። አንድም ፊደል አልሳቱም። መጨረሻ ላይ ያለውን የመቶኛ ምልክትና ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን 12 እንኳ አልረሱም። የጻፉት ትክክለኛ የአይፒቪ6፣ ማለትም የረጅሙ የኔትወርክ አድራሻ ዓይነት ነበር። ዊንዶውስ አድራሻዎቹን ሲዘረዝር ረጅሙን ከላይ፣ አጭሩን ከታች ያስቀምጣል፤ ሐጂም ከላይ ያገኙትን ወሰዱ። እኔም በእርሳቸው ቦታ ብሆን ከላይ ያለውን እወስድ ነበር።

የእኔ ፕሮግራም የሚሠራው በአጭሩ፣ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ባሉት በአይፒቪ4 ብቻ ነው። ኮዱ ጽሑፉን ነጥብ ባለበት ቦታ ይቆርጣል፤ አራት ቁጥር ካላገኘ ያችን ቀይ መልእክት ያሳያል። ባዶ ሣጥንም፣ ፊደል የጎደለውም፣ የድረ ገጽ አድራሻም፣ የሐጂ ትክክለኛ አድራሻም አንድ ዓይነት መልስ ነው የሚያገኙት። አንድ ጠንቃቃ ሰው ግማሽ ቀን የገዛ ዓይኑን እንዲጠራጠር ያደረገው የእኔ ስንፍና ነው።

አሁን ላስተካክለው ተነሥቻለሁ። «የተሳሳተ» እና «ትክክል ነው፣ እኔ ግን አልሠራበትም» የሚሉትን ኮዱ እንዴት አድርጎ ይለይ? በአማርኛስ ምን ብዬ ልጻፈው? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «መልእክቱን ተይውና አይፒቪ6ን እንዲቀበል አድርጊው» ይለኛል። ልክ ነው ትላላችሁ?

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ የኔትወርክ ባለሙያ

አብሽሪ እህቴ። ይህ ያንቺ ብቻ ኃጢአት አይደለም፤ በየፋብሪካውና በየመሥሪያ ቤቱ ስዞር የማየው ነው።

ልዩነቱን አንቺ አልፈጠርሽውም፤ ከጥንትም ያለ ነው። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓትና በመሰሎቹ ጽሑፍን ወደ አድራሻ የሚለውጠው መደበኛ ተግባር ሦስት ዓይነት መልስ አለው። 1 ካለ አድራሻው ተነቧል። 0 ካለ ጽሑፉ በዚያ ዓይነት አድራሻ ደንብ አልተጻፈም። ከዜሮ በታች አንድ ካለ ደግሞ «የጠየቅኸኝን የአድራሻ ቤተሰብ እኔ አላውቀውም» ማለቱ ነው። ከሥር ያለው መሣሪያ ለይቶ የነገረንን እኛ ከላይ መጥተን በአንድ ቀይ መስመር እንጨፈልቀዋለን።

ስለዚህ ነጥብ መቁረጡን ተይው። ፓይተን ለአድራሻ የተዘጋጀ የራሱ ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም ዝግጁ ኮድ አለው። ጽሑፉን መጀመሪያ እንደ አይፒቪ4 እንዲያነብ ስጪው። እምቢ ካለ እንደ አይፒቪ6 ስጪው። በሁለተኛው ካለፈ ሰውየው አልተሳሳተም፤ ይህንኑ ንገሪው። ሁለቱም እምቢ ካሉ ብቻ ነው ስህተት ፍለጋ የምትገቢው። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ % ያለበትን አድራሻ የሚቀበለው ከፓይተን 3.9 ጀምሮ ነው፤ ሥሪትሽ የቆየ ከሆነ የሐጂን አድራሻ አሁንም «ልክ ያልሆነ» ይለዋል። ከ% ጀምሮ ያለውን ቆርጠሽ ፈትሺ።

ሌላው ሣጥንሽ ፖርትም (በኮምፒውተሩ ላይ የሚፈለገውን አገልግሎት የሚለየውን ቁጥር) አብሮ ይቀበል እንደሆነ ነው፤ ለምሳሌ 192.168.1.20:5000 ተብሎ የሚጻፍ ከሆነ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። የድረ ገጽ ስሞችን ወደ አድራሻ የሚፈታውን የጉግልን የሕዝብ ሰርቨር አድራሻ እንውሰድ፦

2001:4860:4860::8888

ኮድሽ ከመጨረሻው ሁለት ነጥብ ላይ ከቆረጠ 8888ን ፖርት ያደርገዋል። ከመጀመሪያው ላይ ከቆረጠ የባሰ ነው፤ 2001ን ብቻውን አድራሻ ብሎ ይይዛል። አሮጌው የአድራሻ አነባበብ አንድ ብቸኛ ቁጥርን እንደ ሙሉ አድራሻ ስለሚቀበል፣ 2001 ተመንዝሮ 0.0.7.209 ይሆናል፤ 7 ጊዜ 256 ሲደመር 209 ማለት ነው። ፕሮግራሙ ወደዚያ ሊገናኝ ይሞክራል፣ አይሳካለትም፣ መጨረሻ ላይ «ሰርቨሩ አልተገኘም» ይላል። ሰውየው ኬብል ሲነቅልና ሲሰካ ይውላል። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድ መጋዘን ውስጥ በዚሁ ሰበብ ያልተበላሸ የኔትወርክ ማከፋፈያ አውጥተው አዲስ ገዝተው ነበር። አይፒቪ6 ከፖርት ጋር ሲጻፍ በማዕዘን ቅንፍ የሚታጠረው ለዚህ ነው፦

[2001:4860:4860::8888]:443

የጓደኛሽ ምክር መልካም ነው። አይፒቪ4 እ.ኤ.አ. በ1981 ሲደነገግ 32 ቢት ነው የተሰጠው፤ ከ4.3 ቢሊዮን የማይበልጥ አድራሻ። የዓለም አቀፉ የአድራሻ ቋት የመጨረሻ ድርሻዎቹን ያከፋፈለው በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ 128 ቢት የሆነውን ረጅሙን አድራሻ መቀበልሽ አይቀርም። ግን የሐጂን ችግር አይፈታም። በኤፍ፣ በኢና በ80 የሚጀምረው አድራሻ ከዚያው ኔትወርክ የማይወጣ የሠፈር አድራሻ ነው። ከ% በኋላ ያለው 12 ደግሞ የታየበት ኮምፒውተር ለራሱ የኔትወርክ ካርድ የሰጠው ቁጥር ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ያ ካርድ 12 ላይሆን ይችላል፤ 5 ወይም 9 ሊሆን ይችላል። ከአንዱ ገልብጦ ሌላው ላይ መጻፍ ራሱ የሚያስተማምን ነገር አይደለም። አይፒቪ6ን ብትቀበዪም ለዚህ ዓይነቱ የተለየ መልእክት ያስፈልግሻል።

መልስ፦ ከወልድያ፣ የአማርኛ መምህር

ስለ ኔትወርኩ የምናገረው የለኝም። ስለ ቃላቱ ግን ልናገር፤ እኔም እንደ ሐጂ በእንዲህ ያሉ መልእክቶች ተንገላትቻለሁና።

ልጄ፣ እባክሽ «ይህ ቅርጸት አይደገፍም» ብለሽ እንዳትጽፊ። በየስልኩ በየኮምፒውተሩ ይህ አባባል ሞልቷል። በአማርኛ የሚደገፈው ምንድን ነው? ያዘመመ ግድግዳ ይደገፋል፣ ሕመምተኛ ይደገፋል፣ የተቸገረ ይደገፋል። አድራሻ አይደገፍም ሲባል የሰማ ሽማግሌ ምን እንዲረዳ ነው? «ይህ ፕሮግራም በዚህ ዓይነት አድራሻ አይሠራም» ብትይ ሁሉም ይገባዋል። አለመቻሉም የማን እንደሆነ በግልጽ ይታወቃል፤ የማይሠራው ፕሮግራሙ ነው።

«ልክ ያልሆነ» የሚለው ቃል ፍርድ ነው። ፍርድ ከሰጠሽ ምክንያቱን ተናገሪ። ምክንያቱን የማታውቂ ከሆነ አትፍረጂ፤ «ያስገቡትን ማንበብ አልቻልኩም» ማለት ይበቃል። በዕድሜ የገፋ ሰው ቀይ ጽሑፍ ሲያይ በልጅ እንደተገሠጸ ነው የሚቆጥረው። እርስዎ እያልሽ፣ በትእዛዝ ሳይሆን መንገድ እንደሚያሳይ ሰው ጻፊለት።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር። ምሳሌ ስትሰጪ አድራሻውን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ አታስቀምጪው። «ለምሳሌ 192.168.1.20።» ብለሽ ብትጽፊ አራት ነጥቡን ከአድራሻው ጋር አብሮ የሚገለብጠው አይጠፋም። ምሳሌው ለብቻው በአንድ መስመር ይቀመጥ፤ በኋላው ምንም አይከተለው።

መልስ፦ ከሐይቅ

መምህሩ የተናገሩት ደርሶብኛል፤ በሌላ በኩል። ስልኬ ላይ የአማርኛው ገበታ እንደተከፈተ 192.168.1.20 ልጽፍ ብዬ በነጥብ ፈንታ አራት ነጥብ አስገብቼ ነበር። የስልኬ ጽሑፍ ትንሽ ስለሆነ ልዩነቱ አልታየኝም። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ አንዳንዱ የግዕዝ ገበታ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ አንዴ ስትመቱት «፡»ን፣ ሁለቴ ስትመቱት «።»ን ይሰጣል። ያ የሐጂ አድራሻ መካከሉ ላይ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ አለው አይደል? በስልክ «ሁለት ነጥብ» እያልሽ ብታስነብቢያቸው የእኛን ሁለት ነጥብ ቢያስገቡ ማን ይፈርድባቸዋል? ስሙ አንድ ነው።

መልስ፦ ከባቲ፣ የጥገና ባለሙያ

ዜሮን እንዳትረሺ። የምሠራበት ቦታ የነበረ ሰው የመሣሪያዎቹን አድራሻ ሁሉ በሦስት በሦስት አኃዝ አሰልፎ መዝግቦ ነበር፤ ሰልፉ እንዲያምርለት። የደረሰኝ ማተሚያው 192.168.001.020 ተብሎ ተጽፏል። እንዳለ አስገባሁት። ፕሮግራሙ ፈትሾ «መልካም» አለኝ። ደረሰኙ ግን ማዶ ቢሮ ባለው ማተሚያ ወጣ። ሁለት ቀን ፈለግነው።

ለካ ሊኑክስ በዜሮ የሚጀምርን ቁጥር በስምንት ቤት (ከ7 ቀጥሎ 10 እያለ) ነው የሚቆጥረው። 020 ማለት ለእርሱ 16 ነው። ማዶ ያለው ማተሚያ 192.168.1.16 ነበር። በጊዜው የነበረን የፓይተን ሥሪት ደግሞ ዜሮውን ጥሎ 20 ብሎ ያነበዋል። ፈታሹ 20 አየ፣ መልእክተኛው 16 ሄደ። ፓይተን ይህን ቀዳዳ እ.ኤ.አ. በ2021 በ3.9.5 ሥሪቱ ዘግቶታል፤ በዜሮ የሚጀምረውን አልቀበልም ይላል። ጎ የተባለው ቋንቋም በዚያው ዓመት በ1.17 ሥሪቱ እንዲሁ አደረገ። አለመቀበሉ ትክክል ነው። ግን አንቺም «ልክ ያልሆነ» ብለሽ ከመለስሽው ያ ሰው ደብተሩን እያየ እስኪመሽ ይቀመጣል። «020 ብለው የጻፉትን 20 ብለው ይጻፉ» በይው። ራስሽ ዜሮውን ጥለሽ አትለፊ፤ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ አንቺ አታውቂም።

ጠያቂዋ፦ ከደሴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሦስት ሌሊት ሠራሁበት።

መጀመሪያ ከፊትና ከኋላ ያለውን ባዶ ቦታ አነሣለሁ። ቀጥሎ «።» ወይም «፡» ወይም «፥» ካለበት፣ የአማርኛ ነጥብ እንደገባ ስሙን ጠርቼ እነግራለሁ። ወደ እንግሊዝኛው ነጥብ ራሴ ልለውጠው አስቤ ነበር፤ «።» አንዱን ነጥብ ይሁን ሁለቱን ሁለት ነጥቦች ይተካ ስለማይታወቅ ተውኩት። የግዕዝ ቁጥርንም ሞከርኩ። የገረመኝ ነገር፣ ፓይተን «፩»ን «አኃዝ ነህ ወይ?» ብለው ሲጠይቁት አዎ ይላል፤ ወደ ቁጥር ለውጠው ሲሉት ግን አይችልም። በአሮጌው ኮዴ ላይ ፕሮግራሙ እዚያው ይዘጋ ነበር፤ የስህተት መልእክት እንኳ ሳያሳይ። ከዚያ በኋላ ያለው የኮምቦልቻው ወንድሜ እንዳለው ነው፦ አይፒቪ4 ወይስ አይፒቪ6፣ ሁለቱም ካልሆኑ ዜሮው፣ ከ255 የበለጠው ቁጥር፣ የጎደለው ክፍል። ከዚህ ሁሉ ያለፈውን «ማንበብ አልቻልኩም» እላለሁ።

ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥቻለሁ። ሰው ሲደውልልኝ ከእንግዲህ ፊደል አያነብልኝም፤ «ቁጥር 3 አለኝ» ይለኛል፣ ይበቃናል። ያስገባውንም ጽሑፍ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ መልሼ አሳየዋለሁ፤ ፕሮግራሙ ያየውንና እርሱ ጻፍኩ የሚለውን ጎን ለጎን እንዲያይ።

የሐጂ መልእክት አሁን ይህን ይመስላል፦

«ቁጥር 3

ያስገቡት አድራሻ በትክክል የተጻፈ ነው። ረጅሙ ዓይነት፣ አይፒቪ6 የሚባለው ነው። ይህ ፕሮግራም ለጊዜው የሚሠራው በአጭሩ ዓይነት፣ በአይፒቪ4 ብቻ ነው።

አድራሻውን ባገኙበት ገጽ ላይ ትንሽ ዝቅ ብለው ይመልከቱ። በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ያሉትን ያስገቡ። መልኩ እንዲህ ነው፦

192.168.1.20»

መምህር፣ «ለጊዜው» የምትለዋን አስቤበት ነው ያስገባኋት። አይፒቪ6ን ለመጨመር ጀምሬያለሁ፤ ባልጀምር ኖሮ አልጽፋትም ነበር። አሁን የሚያሳስበኝ ምሳሌው ነው። እህቴ ፕሮግራሙን ስትሞክርልኝ ምሳሌውን ራሱን አስገባችው።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ የኔትወርክ ባለሙያ

ለማስተማሪያና ለምሳሌ ተብለው የተለዩ አድራሻዎች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ደንብ በ192.0.2 የሚጀምሩት ከእነዚህ አንዱ ክፍል ናቸው። ለማንም አይሰጡም። 192.0.2.20 ብለሽ ጻፊ፤ ያንኑ ያስገባ ሰው ካለም ኮድሽ አይቶ «ይህ ምሳሌው ነው» ሊለው ይችላል። 192.168.1.20ን ግን የእውነት የሚጠቀምበት ስላለ እንዲህ ልትዪው አትችዪም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ደግሞ አለ። ዋናው ኮምፒውተር ላይ ያለው ፕሮግራምሽ አጭሩን አድራሻ ራሱ በትልቁ ለምን አያሳይም? ሐጂ የዊንዶውስን ገጽ መክፈት ባላስፈለጋቸው ነበር። በገመድም በዋይፋይም የተገናኘ ከሆነ ሁለቱንም አሳዪ፤ የቱ የገመዱ፣ የቱ የዋይፋዩ እንደሆነ አጠገቡ ጻፊ።

ጠያቂዋ፦ ከደሴ

ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ምሳሌው 192.0.2.20 ሆኗል።

ትናንት ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ አዲሱን ሥሪት ጫንኩላቸው። ሐጂ ደብተራቸውን አውጥተው ያንኑ ረጅም አድራሻ ሆነ ብለው አስገቡት፤ % እና 12 ሳይቀር። መልእክቱን በቀስታ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «በትክክል የተጻፈ ነው» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና እንደገና አነበቡት። ከዚያ ዝቅ ብለው አጭሩን አግኝተው ራሳቸው አስገቡ። ተገናኘ። «ታዲያ ያን ጊዜ እንዲህ ቢል ምን ነበረበት?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። የግዕዝ ገበታ የምትጠቀሙ ሰዎች የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ስትመቱ ምን እንደሚወጣላችሁ ከገበታው ስም ጋር ጻፉልኝ። እኔ ጋ ያሉት ሁለት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ ፈታሹ የሌሎቻችሁንም እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።